ባና ለብሶ ለመጣ

ጠባሴ፣ የሸዋንግዛው ኳስ ቤት በር ላይ፣
ጠመኔ ጨብጫለሁ፤ ብርዱ ጣቴን እንጨት አድርጎታል በቀትር ፀሐይ።
«ነገ፦ ኢትዮጵያ ከሌሶቶ። አሥር ሰዓት።
የወዳጅነት ጨዋታ። መግቢያ ሃያ ብር።» ጽፌ ራቅ ብዬ አየሁት።

ሃያ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ማሽን ሥር የኖርኩ ሰው፣
ፊደል ስጥል እንኳ እጄ ድርና ማግ ነው የሚያስታውሰው፤
የኢትዮጵያ «ያ» የሌሶቶን «ሌ» ይዛት ትሄዳለች፣
ቶሎ ካላቆምኳት ጥለት ልትሆን ትችላለች።

ወንድይፍራው ቆመ፣ የባጃጁን ሞተር ሳያጠፋ።
«ነጥብ አለው?»
የለውም።
«ዋንጫስ?»
የለውም።
«ታዲያ ምን ሊባል ነው ሰው የሚጋፋ?»
መግቢያውን አነበበና ሳቀ፤
«በሃያ ብርማ እቤቴ ተኝቼ እወዳጃለሁ» ብሎኝ ወደ በሬሳ ድልድይ ዘለቀ።

ከፋኝ። የማውቀውን ሁሉ ለራሴ ዘረዘርኩ፤
ግራ ተመላላሹ ቁርጭምጭሚቱ እንዳበጠ ትናንት በሬዲዮ ሰማሁ፤
በረኛው ልጅ ነው፣ ለአገሩ ገና ነገ ጓንት ሊያጠልቅ፤
አጥቂያችን ፈጣን ነው፣ ጎሉ ፊት ሲደርስ ግን እንደ አዲስ አማች መሬት መሬት የሚያይ፣ የሚሳቀቅ።

ደግሞ አየሩ! አሥራ ሁለተኛ ተጫዋቻችን አየሩ ነበር፤
እንግዳው ስልሳ ደቂቃ ሮጦ፣ ወገቡን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ሲቀር
እኛ ያኔ ነበር የምንነሣው።
እነዚህ ግን ደገኞች ናቸው፣ ተራራ ላይ ያደጉ፣ በረዶ የሚያውቁ፣
ሳንባቸው ወናፍ፣ ዳገት ሲያዩ የማይጨነቁ።
እንግዲህ ምን ቀረን? ኳሱን መጫወት ብቻ።
እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

እንዲህ ስብሰለሰል እትዬ በለጥሻቸው፣ የሞላሌዋ፣
ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ገባች፣ ሦስት ባና በትከሻዋ።
ገበያው አልቀናትም። «ሰው ሁሉ» አለች «የነብር ሥዕል ያለበትን ስስ ነገር ይገዛል፣
ሌሊት ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት እኔን በመንገድ ያልፈኛል።»
ሸዋንግዛው የሌሶቶን ደጋፊዎች በስልኩ ያያል።
«እስቲ» ብላ ወሰደችበት፤ መነጽር የላትም፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤
ዝም። ቆይታ፣ ቆይታ፣
«ባና ነው እኮ የለበሱት!» ብላ ጮኸች፣ እንደ ዘመድ ያገኘች ጠፍቶባት የከረመው።

እውነቷን ነው። ሽማግሌው፣ ኮረዳይቱ፣ ፈረስ ላይ ያለው ሳይቀር
ደረቱ ላይ በወፍራም መርፌ ወግቶ፣ ጥለቱን አሳምሮ ቆሟል በዚያ አገር።
«ሱፍ ነው?» አለችኝ፣ የፋብሪካ ሰውነቴን ታውቃለችና።
ምስሉን በሁለት ጣት ለጠጥኩት፣ ዳሩን መረመርኩና
«ሱፍ ነው» አልኳት፤ «ደህና ተመትቷል። ድሩ አልላላም።»
«እንዲህ የለበሰ ሰው» አለች «ይበርደዋል እንጂ፣ ጠላት አይሆንም።»

ከዚያ ቤቱ በጥያቄ ተሞላ፤ በጋቸው ጥቁር አለው ወይ?
ስንት ይሸጡታል? የሚፈትለው ሴት ነው ወይ?
ስለ ግራ ተመላላሹ የጠየቀኝ የለም።

ሸዋንግዛው ጠመኔዬን ቀማኝና ከሥር ጨመረ፦
«ባና ለብሶ ለመጣ፣ አሥር ብር።» ጽሕፈቱ እንደ ዶሮ ጫረ።
እትዬ በለጥሻቸው አልዘገየችም፤ ሦስቱንም በሩ ላይ ሰቀለች፣
«ለሌለው በአምስት ብር አከራያለሁ» አለች።
ወንድይፍራው ሲመለስ ሰሌዳውን አየ፣ በጣቱ ደመረ፤
«አምስት ብር አተርፋለሁ» ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ አንዱን ለካና አስቀጠረ።

«ግምትህስ?» አሉኝ።
አንድ ለአንድ፣ አልኩ። ልቤ ግን ሌላ ነው የሚለው፣
ያ ልጅ በረኛ ነው የሚታየኝ፣ ዛሬ ማታ እንቅልፍ እምቢ ያለው፤
ምናለ እጁን ባሞቀለት ሰው።

ነገ፣ አሥር ሰዓት።
መብራት ካልሄደ።